ጥጓን ለቀቅ አድርጓት

ይድረስ ለምወዳችሁ ወጣቶች፤

በደን ሥራ ጸጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ግቢያችሁ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው አሁን አሁን ግቢውን ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ያለብሰዋል። አጥር ሥር የነበረው ግራዋም «ቆሻሻ ያበዛል» ተብሎ ይቆረጣል። ይኼ ያንገበግበኛል።

እስቲ በጥር ወር ግራዋን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ሜዳው ደርቋል። እሱ ግን ነጭ አበባውን ተሸክሞ ቆሟል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ንቡ ይርመሰመስበታል። አደይ አበባ ካለፈ በኋላ ንብ በጋውን የሚገፋው እንዲህ ባሉ ዛፎች ነው። ነፍሳቱን ተከትላ ደግሞ ወፍ ትመጣለች። ቦታ የሌላችሁ እሬት ትከሉ። ሲያብብ ያቺ አብረቅራቂ ትንሽ ወፍ ቀጭን ምንቃሯን እየሰደደች ወለላውን ስትመጥ ታገኟታላችሁ።

ከአንድ ጥግ ደግሞ እጃችሁን አንሱ። ቅጠሉ እዚያው ይበስብስ። ትል ይራባል፣ ወፏም ቅጠሉን ጭራ ትሉን ትበላለች።

የአይጥ መርዝ ነገር ያሳስበኛል። መርዝ የበላችውን አይጥ ጉጉት ከበላቻት እሷም ልትሞት ትችላለች። ጉጉትን በመጥፎ ምልክትነት የሚያባርር ሰው ዛሬም አለ። እባካችሁ አስረዱት፤ አይጥ የምታጠፋለት እሷ ናት።

ገጠር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሄዳችሁ እዩ። ዙሪያቸው ሁሉ እርሻ ነው፤ ወይራውና ጥዱ የተረፈው በቅጥሩ ውስጥ ነው። ችግሩ ከብት ነበር፤ እየገባ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል። የደን ተመራማሪዎቹ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ሜግ ሎማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር መክረው አንዳንዶቹን ደኖች በድንጋይ ካብ አሳጠሩ። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳ የተለቀመ ነው። ገበሬው መሬቱ ጸዳለት፣ ችግኙም ከከብት እግር ዳነ። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ይኼ ነው፤ ማንንም ከመሬቱ ሳያፈናቅሉ መሥራታቸው።

የእርሻ ድንበር ላይ ያለውን አጋምና ቀጋም አታስመንጥሩ። ወፍ ፍሬውን ይበላል፣ እሾሁ ውስጥ ጎጆውን ይሠራል። ጸረ ተባይ መርጨት ግድ ከሆነ አበባ ላይ አይሁን፤ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይረጭ።

ለግራዋ ገንዘብ አታውጡ። ከጎረቤት ጠና ያለ ቅርንጫፍ ለምናችሁ ክረምት ሲገባ መሬት ውስጥ ስደዱት፤ ይይዝላችኋል።