እየጾምኩ ኮሌስትሮሌ ለምን ከፍ አለ?

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ነው የምሠራው። በቅርቡ ስመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮሌ 222፣ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 148፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው) 46፣ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ ሌላ ስብ) 140፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ 14 ሆኖ ተገኘ። ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም፣ አላጨስም። አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እሞቃለሁ። ታዲያ ይህ ከየት መጣ? መድኃኒትስ ልጀምር?

መልስ፦ ሁለቱን ለይተው ይያዟቸው፤ ቫይታሚን ዲ ስለወሰዱ ኮሌስትሮልዎ አይወርድም።

ከ130 እስከ 159 ያለ ኤልዲኤል መጠነኛ ጭማሪ ነው። አባት ወይም ወንድም ከ55፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመታቸው በፊት የልብ ሕመም ካልያዛቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመድኃኒት በፊት አመጋገብ ለ3 ወር ያህል ይሞከራል። የታይሮይድ ምርመራ ግን ይጠይቁ። ሆርሞኑ ሲያንስ ኤልዲኤል ከፍ ይላል፤ ያንን ምግብ ብቻ አያስተካክለውም።

በጾም ወጥ ውስጥ ኮሌስትሮል የለም። ችግሩ ዘይቱ ጋ ሊሆን ይችላል። ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። ማጀት ያለው ዘይትዎ በብርድ ጠዋት ነጣ ብሎ የሚረጋ ከሆነ ፓልም ሳይሆን አይቀርም፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው ስብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም 7 ግራም ገደማ ሲይዝ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት 2 ግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። የዚህን ስብ የቀን ጣሪያ 15 ግራም አካባቢ ያድርጉት። በፍስክ ጊዜ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ይህን ይሞላዋል። ስለዚህ ዘይቱን መቀየር፣ ሽሮና ምስሩንም ዘይት ቀንሶ መሥራት ከሁሉ ይቀድማል። በቀን 75 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ቢጨምሩ ኤልዲኤል ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊወርድ ይችላል፤ ገንፎው ላይ ቅቤ ካፈሰሱበት ግን ትርፉ ይጠፋል። የጀበና ቡናም በወረቀት ስለማይጠልል ኤልዲኤል የሚጨምር ቅባት ይዞ ይቀዳል። አንድ ሁለት ስኒ አያሳስብም፤ አምስት ስድስት ስኒ ከሆነ ይቀንሱ።

ወደ ቫይታሚን ዲ ስንመጣ፣ ከ20 በታች እጥረት ነው። የማለዳ ፀሐይ ደስ ቢልም ለዚህ ደካማ ነው፤ ቆዳችን ቫይታሚኑን የሚሠራበት ጨረር ፀሐይ ዝቅ ስትል በአየሩ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ጥላዎ ከቁመትዎ ከረዘመ ብዙ አይጠብቁ። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ክንድና እግርዎን ገልጠው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይውጡ። በቢሮ መስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባው አይቆጠርም።

14 ላይ ላለ ሰው ፀሐይ ብቻ ስለሚዘገይ፣ ሐኪም ብዙ ጊዜ 50,000 ዩኒት ያለውን እንክብል በሳምንት አንድ፣ ለ8 ሳምንት ያዝዛል፤ ከዚያ በቀን ከ1,500 እስከ 2,000 ዩኒት ይቀጥላል። እዚህ ጋ እባክዎ ይጠንቀቁ፦ የሳምንቱን እንክብል በየቀኑ መዋጥ በደም ውስጥ ካልሲየምን ከመጠን በላይ ያደርሳል። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ የማይረካ ጥምና ሽንት መብዛት ከታየ ያቁሙና ወዲያው ሐኪም ያግኙ። የኩላሊት ጠጠር ይዞዎት ከነበረም ሳይጀምሩ ይንገሩ። እንክብሉ ቅባት ይፈልጋልና በባዶ ሆድ ሳይሆን ከዋናው ምግብ ጋር ይዋጡት፤ በጾም ቀን አቮካዶ ወይም የኑግ ዘይት የገባበት ወጥ ይበቃል።

ከ3 ወር በኋላ ሁለቱንም እዚያው ላቦራቶሪ ያስለኩ፤ የበዓል ማግሥት ግን አይሁን፣ ትራይግሊሰራይድ ከድግስ በኋላ ከፍ ብሎ ያሳስታል።