«እኔ ወንድ ነበር የወለድኩት» - ከድሬና ከሐረር የመጡ ሦስት ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ጉዳያቸው ግን አንድ ነው፣ ወንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ እንዴት ነው የሚኖረው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የ27 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ተወልጄ ያደግኩ። ባጃጅ እነዳለሁ። ባለቤቴ በኦፕሬሽን ወለደች። እናቷ ደሴ ናቸው፣ አሟቸው መምጣት አልቻሉም፤ የኔ እናት ደግሞ በሕይወት የለችም። ስለዚህ አራሷን የማርሳት እኔ ነኝ። ገንፎውን አገነፋለሁ፣ ልጁን አጥባለሁ፣ ጨርቁንም አጥባለሁ። አንድ ቀን አባቴ ሊጠይቀን ሲመጣ ግቢ ውስጥ የልጁን ጨርቅ ገመድ ላይ ሳሰጣ አገኘኝ። ቆሞ አየኝና «እኔ ወንድ ነበር የወለድኩት» ብሎ፣ የያዘውን ብርቱካን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። አባቴ ምድር ባቡር ገብቶ ባቡር ነጂ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ኮስታራ ነው፤ ግን ደመወዙን አንድ ቀን አጉድሎ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጓደኞቼም ወሬውን ሰምተው በርጫ ላይ፣ ጫት በምንቅምበት፣ «አቦ ባጃጁን አንተ ትነዳለህ፣ አንተን ደግሞ ሚስትህ» እያሉ ይስቁብኛል። አብሬ እስቃለሁ፣ ሆዴ ግን ይቃጠላል። ጥፋቱ የኔ ነው? አባቴንስ እንዴት ልመልሰው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻት። ጥፋት የለብህም። በኦፕሬሽን የወለደች ሴት ሆዷ ተቀዶ የተሰፋ ነው፤ ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት የለባትም። ውሃ የሞላ ባልዲ አንስታ ቁስሏ ቢከፈት የሚጠየቀው ማን ነበር? አንተ ነህ። ያደረግከው ትክክል ነው፣ በዚህ አትጠራጠር።

አባትህን ግን አትቀየማቸው። እሳቸውን እንዲህ አድርጎ የቀረጻቸው ምድር ባቡር ነው። ድሬ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን እዚህ ከተማ ምድር ባቡር የተቀጠረ ሰው የተከበረ ሰው ነበር፤ የወር ደመወዝ ያለው፣ ጡረታ የሚጠብቀው፣ ሴት ልጅ ለመዳር የማያሰጋ። ደመወዙን ይዞ ይገባል፣ ቤቱ በዚያ ይተዳደራል፣ በምላሹ ቤቱ ሁሉ ይታዘዝለታል። ሕጉም ቢሆን ከሱ ጋር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስትም ሕግን የማይጻረር ትእዛዙን ልትፈጽም ይገባታል ብሎ በግልጽ ጽፎ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት አላቸው አለ። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው፤ ድሬ ግን እንደ አዲስ አበባ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ አዲሱ ሕግ በቀጥታ ነው የሠራባት። ያኔ አንተ ሕፃን ነበርክ። አባትህ ግን ትዳር የያዙትም፣ አባወራነትን የተማሩትም በድሮው ነው።

ከዚያ የድሮው ባቡር ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ሲመረቅም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ያ ደመወዝ ሄደ፣ ትእዛዙ ግን ቀረ። እኔን ከአባትህ ኩርፊያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ዛሬ በርጫ ላይ የሚስቁብህ ልጆች የአባቶቻቸውን ማዘዝ ወርሰዋል፣ ደመወዝ ሳያጎድሉ መግባቱን ግን አልወረሱም። አባትህ ማጀት አልገቡም ይሆናል፤ ቤታቸውን ግን ተሸክመውታል። አንተም ቤትህን እየተሸከምክ ነው፣ ልዩነቱ ጭነቱ ላይ የሕፃን ጨርቅ ተጨምሮበታል።

በርጫውን ካነሳህ አይቀር፣ እስቲ ከሰዓት ከተማው በሙቀት ጭር ሲል እዚያ ቤት የሚደረገውን ልብ ብለህ እይ። አንዱ ሽርጡን ሸብ አድርጎ ክፍሉን ይጠርጋል። ሌላው ፍራሽ ያነጥፋል፣ ትራስ ያደላድላል። ሻይ የሚያፈላ አለ፣ ብርጭቆ የሚያለቀልቅ አለ፣ ዕጣን የሚያጨስ አለ። ሲያበቃም ገራባውን፣ የተረፈውን የጫት ቅጠል፣ ሰብስቦ የሚጥለው ወንድ ነው። ማንም ማንንም ሴታ ሴት አይለውም! ያው መጥረጊያ ግን እቤታቸው ሲደርስ እጅ ያቃጥላል። መጥረግ አቅቷቸው አይደለም፤ የከበዳቸው ለሚስት መጥረጉ ነው። ለጓደኛ ሲሆን ጨዋታ፣ ለሚስት ሲሆን ውርደት ይሆንባቸዋል። ይህን ካየህ በኋላ ሳቃቸው ያን ያህል አያቃጥልህም። ሆድህ እየተቃጠለ ግን አብረህ አትሳቅ። ሳትቆጣ «ሆዷ ተቀዶ ነው የወለደችው፣ ማን እንዲያጥብላት ነው የምትፈልጉት?» በላቸው። ወዳጅ የሆነው ዝም ይላል። ዝም የማይለውን ለተወሰነ ጊዜ ተወው፤ የጫቱ ብር አሁን ለአራሷ ቢሆን ይሻላል።

ወደ አባትህ ስንመለስ፣ መደወሉን አቁም። በስልክ የሚፈታ ነገር አይደለም። ከድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ የሚያከብሩትን ሰው ፈልግና አብራችሁ ሂዱ። ክርክር አትክፈት፣ ስለ እኩልነትም አታስተምራቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው፤ በባቡር ወጥተው መንገድ ላይ ሲያድሩ፣ አይሻም ይሁን አዋሽ፣ ራታቸውን ማን ነበር የሚሠራላቸው? ሸሚዛቸውንስ ማን ያጥብላቸው ነበር? ባልደረባቸው ጎን ተቀምጦ እየሰማ ይመልሱልህ። እኔ መልሱን እገምታለሁ፣ አንተም ትገምታለህ፤ እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩት ግን ሌላ ነው። ከዚያ የልጁን ስም እንዲያወጡ ለምናቸው። ክርስትናው እስኪደርስ አትጠብቅ፤ ኩርፊያ በቆየ ቁጥር ሰበብ ያበዛል። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፤ ተቆጥተው ሲመለሱ ብርቱካኑን ይዘው አልሄዱም።

ጥያቄ፦ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምንኖረው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። 12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም፣ ቤት ነው የሚውለው። ቲክቶክ ላይ ስለ «እውነተኛ ወንድ» የሚሰብኩ ሰዎችን ሲያይ ይውላል፣ ማታ ጂም ይሄዳል። ከዚያ መጥቶ «ምግብ የምታቀርበው ሴት ናት» ይለኛል። ቀሚስሽ አጠረ ይላል፣ ስልክሽን ልየው ይላል። አባታችን እንኳ እንዲህ ብሎን አያውቅም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሰው የዛሬ ልጅ ከአባቱ ይለዝባል ብሎ ያስባል። ያንቺ ቤት ግን ተቃራኒው ነው፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደግሞ ያንቺ ብቻ አይደለም። ልጁን ልረዳው እሞክራለሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስንት ወጣት ወንድ ያለ ውጤት፣ ያለ ሥራ፣ ያለ ብር እቤቱ እንደተቀመጠ አስቢው። ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ ምንም ሳትሠራ አለቃ ነህ ይለዋል። አለቃ ለመሆን ግን የሚታዘዝ ሰው ያስፈልጋል፣ በአካባቢው ያለሽው አንቺ ነሽ።

ስልክሽን አትስጪው፣ አንድ ቀንም ቢሆን። ምግብ እንዲቀርብለት ከፈለገ ድስቱ ያለበትን ያውቃል። ጂሙን ግን አትከልክዪው፣ ደግ ነገር ነው፤ ያ ጡንቻ ከቀፊራ ገበያ የሱቁን ዕቃ ተሸክሞ ይምጣ። ሱቁ ላይ የታወቀ ሰዓትና የታወቀ ክፍያ ስጪው፣ ትንሽም ብትሆን፤ በላቡ ያገኘው ብር ሲኖረው ከሰው ቀሚስ ላይ ዓይኑን ያነሳል። ቴክኒክና ሙያም ይመዝገብ። ስለ አባታችሁ ለኔ የጻፍሽውን ለሱ ንገሪው፣ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ወሬ፤ አባታችሁ ለናንተ እንዴት እንደነበሩ፣ ምን ይሉ እንደነበር። ምናልባት ያን ጊዜ ልጅ ነበርና ረስቶታል። እጁን ካነሳ ግን ምክሬ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ለአጎቶቻችሁ ንገሪ፣ ፖሊስ ጋም ሂጂ። ወንድሜ ነው ብለሽ አትሸፋፍኚው።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ። ሚስቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። አባትም ፈቃድ አለው ይባላል፣ እውነት ነው? አለቃዬን መጠየቅ አፈርኩ።

መልስ፦ እውነት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ለእናትየው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። የአባቱ ያንሳል፣ በጣም ያንሳል፤ ልጅህን ለማየት እንጂ ሚስትህን ለማገዝ አይበቃም። ስለዚህ የዓመት ፈቃድህን ከሱ ጋር አያይዘው። አንድ ዓመት ከሠራህ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ይገባሃል፣ እስካሁን ካልነካኸው እስክትወልድ አትንካው። ማፈሩን ተወው፤ መብትህን ነው የምትጠይቀው። ማመልከቻህን በዚህ ሳምንት በሁለት ኮፒ ጻፍና አንዱ ላይ አስፈርመህ ያዝ።