የራሳችሁን ስም የያዘ ስልክ ልታሠሩ ላሰባችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የራሳችሁን መለያ የያዘ የሞባይል ቀፎ አሠርታችሁ ማከፋፈል ትመኛላችሁ። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ) የታይዋኑ ሚዲያቴክ ቺፑን፣ የማዘርቦርዱን ንድፍና መሠረታዊውን ሶፍትዌር አንድ ላይ አዘጋጅቶ መሸጥ ሲጀምር፣ ብዙ መሐንዲስ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ጥቂት ሰዎች በጥቂት ወራት የሚጨርሱት ሆነ። ቻይናም በ2007 ቀፎ ለማምረት ትጠይቅ የነበረውን ልዩ ፈቃድ አነሣች። ዛሬ በቻይናዋ ሼንዘን ከተማ ያለ የንድፍ ቤት ሞዴል አስመርጦ፣ ሽፋኑ ላይ ስማችሁን አትሞ ያስረክባችኋል። ማሠራቱ ቀሏል። ትንንሽ የስልክ ኩባንያዎችን ሲጥል ያየነው ግን በሌላ ሰው እጅ የቀረው ነገር ነው፤ ስለዚህ የምመክራችሁም በዚሁ ላይ ነው።

የሴንዶን ታሪክ በደንብ አጥኑት። በ1999 እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ውስጥ የተቋቋመ ትንሽ ኩባንያ ነበር። መንገዱ ብልህነት ነበረበት፦ ከትልልቆቹ ጋር በማስታወቂያ አልተፎካከረም፤ ለኔትወርክ ኦፕሬተሮች በፍላጎታቸው የተዘጋጀ ርካሽ ቀፎ ያቀርብ ነበር። ቀጥሎ ዜድ100 የተባለ ስማርት ስልክ በማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ላይ መሥራት ጀመረ፤ ማይክሮሶፍትም በ2001 ድርሻ ገዛበት። በ2002 መገባደጃ ግን በታይዋኑ ኤችቲሲ የተሠራ፣ በዚያው ሶፍትዌር የሚሠራ ስልክ በኔትወርክ ኦፕሬተሩ በኦሬንጅ ስም ቀድሞ ገበያ ወጣ። ሴንዶ ዜድ100ን ሰርዞ ሲሪስ 60 ወደተባለው የኖኪያ የስልክ ሶፍትዌር ዞረ፣ ማይክሮሶፍትንም ምሥጢሬን አሳልፎ ሰጠብኝ ብሎ ከሰሰ። ማይክሮሶፍት ክሱን አስተባበለ፤ በ2004 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ሴንዶ ኤክስ የተባለው አዲሱ ስማርት ስልክ ለሽያጭ የበቃው በዚያው ዓመት ነው። በዚያ ላይ ከኤሪክሰን ጋር በጂኤስኤም (በሞባይል ኔትወርክ ቴክኖሎጂ) ላይ የፓተንት፣ ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ሙግት መጣ። በሰኔ 2005 ኩባንያው በዕዳ አጣሪ እጅ ገባ፤ ንብረቱንና መሐንዲሶቹን ሞቶሮላ ወሰደ።

ማን ጥፋተኛ ነበር የሚለውን ለሕግ ሰዎች ተዉት። እናንተ ማየት ያለባችሁ የጊዜውን ስሌት ነው። ርካሽ ቀፎ የሚተርፈው ትርፍ ቀጭን ነው፤ በዚህ ቀጭን ትርፍ ሁለት ዓመት ያለ አዲስ ዋና ምርት መሐንዲስ መቀለብ ከባድ ነው። ስለዚህ ከቺፕ ወይም ከሶፍትዌር አቅራቢ ጋር ስትፈራረሙ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ውሉ ቢቋረጥ እስከዚያ የተሠራው ንድፍ የማን ነው? የፓተንት ክፍያውን የሚከፍለው ማን ነው? ሶፍትዌሩ ስንት ዓመት ይታደሳል? ብዙ የንድፍ ቤት «ፓተንቱ ዋጋው ውስጥ ነው» ይላል። በቃል አትቀበሉት፤ የፓተንቱ ባለቤት የሚጠይቀው ቀፎውን ያስገባውንና የሸጠውን ነውና።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ሌላም አደጋ አለ። በኅዳር 2016 አሜሪካ ውስጥ ብሉ በተባለው ኩባንያ አንዳንድ ስልኮች ውስጥ፣ አዱፕስ የተባለ የሶፍትዌር ማደሻ አቅራቢ ያስገባው ፕሮግራም የተጠቃሚዎችን የጽሑፍ መልእክትና የጥሪ ዝርዝር ሳያስፈቅድ ወደ ቻይና ሰርቨር ሲልክ ተገኘ። ብሉ አላውቅም ነበር አለ፤ ያም ሆኖ በ2018 ከአገሪቱ የንግድ ተቆጣጣሪ ጋር በስምምነት ግዴታ ገባ። የገዢው መልእክት አደራ ነው። ናሙናው እንደደረሳችሁ ባዶ ሲም አስገቡና ከራሳችሁ ዋይፋይ ጋር አገናኙት፤ ለጥቂት ቀናት ወዴት ወዴት እንደሚልክ ባለሙያ ይመዝግብላችሁ። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ የአዱፕሱ ፕሮግራም መልእክት የሚልከው በየ72 ሰዓቱ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ብዙው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። በተለመደው አሠራር 30 ከመቶ ቅድሚያ ትከፍላላችሁ፣ ቀሪውን 70 ዕቃው ሳይጫን። ማምረቻው 45 ቀን፣ መርከቡ 35፣ ጉምሩኩና መጋዘኑ 10፣ ለቸርቻሪ የምትሰጡት ዱቤ 45 ቀን ይሁን ብላችሁ ደምሩ፦ የመጀመሪያው ብር ከወጣ 135 ቀን በኋላ ነው የሚመለሰው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ እንዳይጠፋ ከፈለጋችሁ ሁለተኛውን ትእዛዝ የምትሰጡት የመጀመሪያው መሸጥ አለመሸጡን ሳታውቁ ነው። ትንሽ ኩባንያ በአንድ መጥፎ ሞዴል የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ ሁለት ዙር ገንዘብ በአንድ ስሕተት ላይ ይታሰራል። ለጅማሬ ሁለት ሞዴል ይበቃችኋል። ማዘርቦርዱና ስክሪኑ አንድ ዓይነት ይሁን፣ በቀለምና በባትሪ ይለዩ፤ አንዱ ቢቀር መለዋወጫው ለሌላው ይሆናል።

ማይክሮማክስ የተባለው የስልክ ኩባንያ ሕንድ ውስጥ በ2008 ገበያውን የከፈተው ለአንድ ወር ቻርጅ የማይፈልግ ኤክስ1አይ የተባለ ቀፎ ይዞ ነው፤ መብራት በማይደርስባቸው መንደሮች የሚኖረውን ሰው ችግር ተመልክቶ። እንዲህ ያለ አስተዋይነት አከብራለሁ። ነገር ግን በመስከረም 2016 ጂዮ የተባለው የሕንድ ኦፕሬተር በ4ጂ ብቻ የሚሠራ ኔትወርኩን ከፈተ። 3ጂ ቀፎ በዚያ ኔትወርክ ላይ ጥሪ እንኳ አያደርግም። የአገሩ ትንንሽ መለያዎች መጋዘን ደግሞ በ3ጂ ዕቃ የተሞላ ነበር፤ ከቻይና የመጡት ተፎካካሪዎች ክፍተቱን ሞሉት። ከማዘዛችሁ በፊት ኦፕሬተሩ በየትኛው ድግግሞሽ እንደሚሠራ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የትኛውን እንደሚዘጋና የትኛውን እንደሚከፍት ጠይቁ። ስልኩ «4ጂ ነው» መባሉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ የባንዱን (የድግግሞሽ ክልሉን) ቁጥር ያዙ።

እያንዳንዱን ቀፎ ለብቻው የሚለየውን የአይኤምኢአይ ቁጥር ነገር ችላ አትበሉ። 15 አሃዝ ነው፦ የፊተኛዎቹ 8 የሞዴሉ መለያ ናቸው፣ ቀጣዮቹ 6 ተራ ቁጥር፣ የመጨረሻው ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ። አንድ የሞዴል መለያ ለ1 ሚሊዮን ቁጥር ይበቃል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ ግን ሁለት ቁጥር ይፈልጋል። ግድየለሽ ፋብሪካ አንዱን ቁጥር በብዙ ቀፎ ላይ ይደግማል ወይም የሌላ ኩባንያ መለያ ይጠቀማል። ሕንድ በ2009 መጨረሻ ትክክለኛ ቁጥር የሌላቸውን ስልኮች ከኔትወርክ አስወጥታለች። ስለዚህ *#06# ስትደውሉ የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ከናሙናው አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ናሙናው ስንት ይሁን? ከ3,201 እስከ 10,000 ቀፎ ላለው ጭነት በተለመደው የፍተሻ ሠንጠረዥ 200 ይወጣል። ለከባድ ጉድለት 1.0 የተባለውን የጉድለት ወሰን (ኤኪውኤል) መመዘኛ ከያዛችሁ እስከ 5 ብልሽት ይታለፋል፤ 6ኛው ከተገኘ ጭነቱ ይመለሳል። ፍተሻው የሚደረገው ቀሪው 70 ከመቶ ሳይከፈል ነው፤ ከከፈላችሁ በኋላ ፋብሪካው ስልክ አያነሣም። ቻርጀር መሰኪያው እንዳይወዛወዝ፣ ማይክሮፎኑ በጩኸት መካከል እንዲሰማ፣ ሲግናሉ ደካማ በሆነበት ቦታ ጥሪው እንዳይቋረጥ ተመልከቱ። የሚመለሱት ስልኮች በብዛት የሚመጡት ከነዚህ ነው።

ለብቻው የተላከ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሲጫን ከ2016 ጀምሮ ከ30 ከመቶ በላይ ቻርጅ ሊኖረው አይችልም፤ ዩኤን 38.3 የተባለው የባትሪ ደኅንነት ፍተሻ ሰነድም ይጠየቃል። ስለዚህ የመለዋወጫ ባትሪ መጋዘን ሲገባ ግማሽ ያህል ሙሉት፤ ዝቅ ብሎ የደረሰ ባትሪ ወራት ሲያስቆጥር ፈጽሞ ሊሞት ይችላል።

ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጋር 1 ወይም 2 ከመቶ መለዋወጫ በነፃ እንዲላክ ተደራደሩ፤ ዝርዝሩንም ራሳችሁ ጻፉት። ፋብሪካው ከተተወ የሚበዛውን የኋላ ሽፋን ይልካል፣ የሚሰበረው ግን ስክሪን ነው። አንድን ሞዴል ለመጨረሻ ጊዜ ስታዙም የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ የሚበቃ ስክሪን አብራችሁ እዘዙ። ማምረቻው ከቆመ በኋላ ያው መጠንና ያው መሰኪያ ያለው ስክሪን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ የተገኘውም ቢገጠም ያለ ሶፍትዌር ማስተካከያ ላይበራ ይችላል።