መልስ፦ ከፓራ-ቶሉዊዲን ፓራ-ብሮሞቶሉዊን ሲሠራ ክሎሪን ያለበት ውሁድ ለምን ይቀላቀላል?

ከፓራ-ቶሉዊዲን በሠሩት ብሮሞቶሉዊን ውስጥ ክሎሮቶሉዊን እንደተገኘና የክሬሶል ሽታ እንዳስቸገረዎት ጠይቀዋል። ክሎሮቶሉዊኑ የተገኘው የዳያዞኒየም ጨዉን (ከአሚኑ፣ ማለትም ከፓራ-ቶሉዊዲኑ፣ የሚሠራውን ጥንድ ናይትሮጅን ያለበት መሸጋገሪያ ውሁድ) በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስላዘጋጁት ነው። ኩፕረስ ብሮማይድ (የመዳብና የብሮሚን ውሁድ) ቢጨምሩም፣ በሙሙቱ ውስጥ የቀረው ክሎራይድ ከብሮማይዱ ጋር ስለሚሻማ፣ አሚኑን ከመነሻው በሃይድሮብሮሚክ አሲድ ያሟሙት።

ያስቸገረዎት የክሬሶል ሽታ ግን ከሙቀት የመጣ ነው፤ ዳያዞኒየሙ ሲሞቅ ከውሃ ጋር ተጸግብሮ ናይትሮጅኑን ይለቃል፣ በቦታውም ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ይገባል፤ ክሬሶል የሚባለው ይህ ውጤት ነው። ስለዚህ፦

1. የአሚኑን ሙሙት ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይዘው፣ አሚኑን ወደ ዳያዞኒየም የሚለውጠውን ሶዲየም ናይትራይት ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ።
2. መጨረሻው ሲቃረብ አፀግብሮቱ ስለሚዘገይ፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሠው በስታርች-አዮዳይድ ወረቀት ይፈትኑ፤ ወረቀቱ ወዲያው ከጠቆረ ከናይትራይቱና ከአሲዱ የሚፈጠረው ናይትረስ አሲድ ተርፏል ማለት ነው፤ ትርፉን በጥቂት ዩሪያ ያጥፉት።
3. ቀዝቃዛውን ሙሙት ሳያቆዩ፣ በሃይድሮብሮሚክ አሲድ ወደ ሟሟው ኩፕረስ ብሮማይድ በቀስታ ይጨምሩ።

በብሮሚን ፈንታ አዮዲን ያለበትን ውሁድ ቢፈልጉ ኖሮ መዳብ ባላስፈለገዎት፤ ፖታሲየም አዮዳይድ ብቻውን ይበቃል።

ከልምድ አንድ ነገር አሳስብዎታለሁ፦ የዳያዞኒየም ጨው ሲደርቅ ሊፈነዳ ይችላል። ሰው አጣርቶ ለማድረቅ ባያስብም በብልቃጡ አፍና በማፍሰሻው ጫፍ ላይ የተንጠባጠበው ሳይታወቅ ይደርቃል፤ ስለዚህ ዕቃውን ሥራው እንዳለቀ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት።