ስለተቀየረ ብቻ ትራንስፎርመር አይባልም

ሰሞኑን ስለ ሮቦት መጫወቻ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዝተዋል፤ አብዛኞቹ ደግሞ ከወሎ ናቸው። ዛሬ እነሱን እንመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት አንድ ሮቦት ገዛሁ። ሲታጠፍ ቀይ መኪና ይሆናል፣ አሪፍ ነው። ጓደኛዬ ግን «ይሄ ትራንስፎርመር አይደለም» ብሎ አናደደኝ። እየተቀየረ እንዴት አይደለም ይለኛል? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አብሽር፣ ሮቦትህ አሪፍ ሊሆን ይችላል። ጓደኛህ ግን ሳይሆን አይቀርም ልክ ነው። መጫወቻ ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይቀየራል ወይ ብለው ሳይሆን በማን ስም ወጣ ብለው ነው። ትራንስፎርመርስ የሚለው ስም የአሜሪካው ሀስብሮና የጃፓኑ ታካራ፣ የዛሬው ታካራ ቶሚ፣ ነው። በ1980ዎቹ ጎቦትስ የሚባሉ ነበሩ፤ ቶንካ የሚባል ኩባንያ ነበር የሚሸጣቸው። እነሱም መኪና ይሆናሉ፣ አውሮፕላን ይሆናሉ፤ ትራንስፎርመር ናቸው የሚል ሰብሳቢ ግን አታገኝም። በ1991 ሀስብሮ ቶንካን ጠቅልሎ ገዝቶት እንኳ ያንን የድሮውን ጎቦት ከትራንስፎርመር ጋር አይደባልቁትም።

ወዲያ ደግሞ በ1990 አክሽን ማስተርስ የሚባሉ ወጡ። እጅና እግራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ራሳቸው ወደ ምንም አይቀየሩም። ሳጥናቸው ላይ ግን ትራንስፎርመርስ ይላል፣ ስለዚህ ናቸው። የማይቀየር ትራንስፎርመር! እኔ ብሆን ስማቸውን እነጥቃቸው ነበር፣ ግን ማን ይሰማኛል።

ነገሩ የሚጣፍጠው አጀማመሩ ላይ ነው። በ1984 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጡ አብዛኞቹ አዲስ አልነበሩም። ታካራ ጃፓን ውስጥ ዳያክሎንና ማይክሮ ቼንጅ በሚሉ ስሞች ሲሸጣቸው የቆዩ ናቸው፤ ሀስብሮ ወስዶ ስም አወጣላቸው፣ አውቶቦትና ዲሴፕቲኮን ብሎ ጎራ ለየላቸው፣ ታሪክ ጻፈላቸው። የአውቶቦቶቹ መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ራሱ ከነተሳቢው የዳያክሎን ዕቃ ነበር። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ፎርማ (ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ማለቴ ነው)። በዳያክሎን ሳጥን ከመጣ ግን ሰብሳቢው ገና ትራንስፎርመር አልሆነም ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ዳያክሎኖቹን የሚነዷቸው እንጥፍጣፊ የሚያህሉ ሰዎች ነበሩ፤ ትራንስፎርመር ሲሆኑ ሮቦቶቹ ራሳቸው ነፍስ ስለዘሩ ሹፌር አላስፈለገም፣ ፎርማው ግን አልተቀየረም፤ ለዚህ ነው የዚያን ጊዜ መኪኖች ውስጥ አጮልቀህ ስታይ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር የምታገኘው።

ማይክሮ ቼንጅ ደግሞ ሐሳቡ ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ በትክክለኛ መጠኑ ሮቦት ሲሆን። ሽጉጡ ሜጋትሮን፣ ካሴት ማጫወቻው ሳውንድዌቭ ከዚያ መጡ። ባምብልቢም ከዚያው ነው። ድብልብል ያለች ቮልስ የሆነው እውነተኛ መኪና ሳይሆን የልጆች መጫወቻ መኪና እንዲመስል ስለተሠራ ነው። እንግዲህ የ1984ቱን ጎን ለጎን ብትደረድራቸው መጠናቸው ለምን እንደማይገጥም ገባህ።

ጥያቄ፦ የጥንቱ ኦፕቲመስ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ እዚህ በእኛ በኩል ወደ ሚሌ እንደሚወርዱት አንዳንድ ተሳቢዎች። የፊልሙ ግን አፍንጫው ረጅም ነው። ሁለቱ አንድ መጫወቻ ናቸው? ጂ ዋን ሲሉስ ምን ማለታቸው ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ስማቸው አንድ ነው፣ መጫወቻዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ሰብሳቢ ገጸ ባሕሪውን ለብቻ፣ ፎርማውን ለብቻ ነው የሚቆጥረው። የአንተ ጥያቄ አንድ ስም ብዙ ፎርማ ነው። ስታርስክሪም የሚባለው ሮቦት ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። እሱ፣ ተንደርክራከርና ስካይዋርፕ ሦስቱም አንድ ኤፍ 15 ጄት ናቸው፤ የሚለያቸው ቀለሙ ብቻ ነው። ይሄ «ሪፔይንት» ይባላል። በ1985 ያንኑ ጄት ክንፉን ቀየሩና ራምጄትን፣ ትረስትንና ዲርጅን አወጡ፤ ይሄ ደግሞ «ሪቱል» ነው፣ ፎርማው ራሱ ተነክቷልና።

ፋብሪካው ስም ያልሰጠውም አለ። በ1984 ክሊፍጃምፐር የሚባል የሌላ ሮቦት ስም ባለበት ካርቶን ውስጥ ክሊፍጃምፐር ያልሆነ ማዝዳ መኪና እየገባ ተሸጠ። ሰብሳቢዎች ዝም ብለው አላለፉትም፤ ከባምብልቢና ከክሊፍጃምፐር ቀላቅለው ባምብልጃምፐር አሉት። ዛሬ የሚታወቀው በዚሁ ነው።

ጂ ዋን፣ ማለትም ጄኔሬሽን ዋን፣ እሱም ሰዉ ያወጣው ስም ነው። በ1984 ማንም «አንደኛ ትውልድ» ብሎ አልሸጠም። በ1993 ጄኔሬሽን ቱ የሚል ሳጥን ሲመጣ ነው የበፊቱ ሁሉ አንደኛ የሆነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከውጭ ለልጄ ሮቦት ላከለት። ሳጥኑ ላይ «ሊደር» ይላል። የጎረቤት ልጅ ያለው «ቮያጀር» ነው፣ ስናስተያየው ግን ቁመታቸው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። የእኛ ዋጋው በጣም ይበልጣል። ተሸውደን ይሆን? (የልጅ እናት፣ ከወልድያ)

መልስ፦ የለም እህቴ፣ አልተሸወዳችሁም። ደረጃው የዋጋ ነው እንጂ የቁመት አይደለም። በቅርብ ዓመታት ከቮያጀር ዝቅ የሚለው ደሉክስ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ቮያጀር ወደ 18፣ ሊደር ወደ 19 ነው። የሊደሩ ትርፍ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ዕቃው ላይ ነው የሚያርፈው፤ መሣሪያ፣ ተሳቢ፣ የሚለበስ ጥሩር። ሳጥኑን ከመጣልዎ በፊት ጥግ ጥጉን ይፈትሹ፣ አንድ ከረጢት ቀርቶ ይሆናል። በቁመት ብቻ የሚያስደነግጥ ከፈለጉ ታይታን የሚባለው አለ፤ ከ48 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ዋጋውን ግን ለልጁ አይንገሩት።

ጥያቄ፦ ፎርጅዱን በምን እለያለሁ? ሰርድ ፓርቲ የሚሉትስ ፎርጅድ ነው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ፎርጅድ ማለት የሀስብሮን ወይም የታካራን ፎርማ ገልብጦ የተሠራ ነው። ሰርድ ፓርቲ ደግሞ ከራሱ ዲዛይን ይነሳል፤ ፈቃድ የለውም፣ ኦፕቲመስ ብሎም በሳጥኑ ላይ አይጽፍም፣ መልኩ ግን ቁርጥ ኦፕቲመስ ነው። በትርጉም ከሄድን ሁለቱም ትራንስፎርመር አይደሉም። በሥራ ጥራት ግን አንዳንዱ ሰርድ ፓርቲ ኦርጅናሉን ያስንቃል፣ ብዙ ሰብሳቢም ከኦርጅናሉ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚያቆመው።

ለመለየት መጀመሪያ ገልብጠህ የኩባንያዎቹን ስምና ዓመቱን ፈልግ፤ ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ታገኘዋለህ፣ ብዙ ጊዜ እግሩ ወይም ጀርባው አካባቢ። ከ1985 ጀምሮ በዚያ ዘመን በወጡት በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ጥቁር ትንሽ ስቲከር አለ፤ በአውራ ጣትህ ስታሸው ይሞቅና የአውቶቦት ወይም የዲሴፕቲኮን ምልክት ብቅ ይላል። አርጅቶ ሊላጥ ስለሚችል ስቲከሩ ስለሌለ ብቻ ፎርጅድ ነው አትበል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ከማለልህ ደግሞ ዋጋውን ከመነጋገርህ በፊት እግሩን አሳየኝ በለው።