ሐይቁ ግንብዎን የሚበላው ከእግሩ ነው

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አነስተኛ የዓሣ ምግብ ቤት ያላቸው አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «በውሃው በኩል ያሠራሁት የድንጋይ ግንብ ወደ ሐይቁ ዘመመብኝ። ከኋላው ያለው ወለልም ሰርጉዷል። አሮጌ የመኪና ጎማ አስረህ ከፊቱ ጣልበት፣ ሞገዱን ያቆማል፣ ዓሣም ይራባበታል፣ ባሕር ላይ እንደዚያ ነው የሚሠራው ይሉኛል። ጎማውን ልጣል ወይስ ግንቡን አፍርሼ በኮንክሪት ላሠራው?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ይተዉት።

የጻፉልኝ ሁለት ምልክቶች ብዙ ይናገራሉ። ግንብ ወደ ውሃው ሲዘም እግሩ ተቦርቡሯል ማለት ነው። ወለሉ የሰረጎደው ደግሞ ሙሌቱ በድንጋዮቹ መሃል ሾልኮ ስለወጣ ነው። ሞገድ ቀጥ ያለ ግንብ ሲመታ ጉልበቱ አይጠፋም። ከፊሉ ወደ ላይ ይረጫል፣ ከፊሉ ወደ ታች ወርዶ መሠረቱን ይጭራል። የሐዋሳ ዳርቻ አፈር ደግሞ አብዛኛው የእሳተ ገሞራ አሸዋና ፓሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለሆነ ቶሎ ይታጠባል። በዚያ ላይ ከክረምት በኋላ ሐይቁ ሲሸሽ ከግንቡ ጀርባ የቀረው ውሃ መውጫ ካጣ ግንቡን ወደ ፊት ይገፋል። ኮንክሪቱን የፈለገ ያህል ቢያወፍሩት ይህ አይቀየርም። እንዲያውም ልሙጥ ግድግዳ ሞገዱን አጠንክሮ ይመልሰዋል።

ለማረጋገጥ ውሃው ዝቅ ባለበት ወቅት አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ባለ 16 ፌሮ ይዘው ይውረዱ። ከግንቡ እግር ስር አግድም ይግፉት። ያለችግር ሰተት ብሎ ከገባ ስሩ ባዶ ነው። እየተያዘ፣ ድንጋይ እየነካ ከቆመ ግን ቢያንስ እዚያ ቦታ መሠረቱ አለ። በየሁለት ሜትሩ ይሞክሩትና የገባበትን ርዝመት ይጻፉ። የትኛው ክፍል እንደሚፈርስ፣ የትኛው እንደሚተርፍ ከዚያ ይታወቃል።

ጎማውን በተመለከተ፣ የመከሩዎት ሰዎች ከመሬት ተነስተው አላወሩም። በ1972 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል ከተማ አጠገብ ወደ 2 ሚሊዮን ጎማ ዓሣ ይራባበታል ተብሎ ባሕር ውስጥ ተጥሏል። ማሰሪያዎቹ ዝገው ተበጠሱ። ጎማዎቹ ሞገድ ባነሳቸው ቁጥር እየተንከባለሉ አጠገባቸው ያለውን የተፈጥሮ ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡትን አለት) አደቀቁት። ከዓመታት በኋላ ጠላቂዎች እየወረዱ መልቀም ግድ ሆነባቸው። ጎማ ውሃ ውስጥ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል፣ የሚለቀው ኬሚካልም አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የጣልንበት ቆሻሻ ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለም፣ እባክዎ አይጣሉበት።

ባሕር ላይ የተሳካላቸው ሥራዎች ከባድ ናቸው፣ አይንቀሳቀሱም፣ ገጻቸው ሸካራ ነው፣ ትልቅም ትንሽም ቀዳዳ አላቸው። እኛም የምንወስደው ይህንኑ ነው።

የዘመመውን ክፍል ያፍርሱና ዳርቻውን በተዳፋት ያስቆርጡት። ወደ ላይ 1 ሜትር ሲወጣ ወደ ጎን 2 ሜትር ይሂድ። አፈሩ ላይ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚይዝ ጨርቅ) ይነጠፍ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከላይ ትልልቅ ማዕዘናም ጥቁር ድንጋይ ይደርደር። እግሩ ጋ ቦይ ይቆፈርና ትልልቆቹ ድንጋዮች እዚያ ይቀበሩ። ገንዘብ ካጠረዎ ከሌላው ይቀንሱ እንጂ ከእግሩ አይቀንሱ። በሲሚንቶ አያስይዙት። ክፍተቱ ነው ሞገዱን የሚሰብረው፣ ከኋላ ያለውን ውሃ የሚያስወጣው፣ ለትናንሽ ዓሦችም መደበቂያ የሚሆነው።

ድንጋዩን ሲገዙ ይጠንቀቁ። በአካባቢያችን ፓሚስ ርካሽ ነው፣ ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ከተጠራጠሩ ባልዲ ውስጥ ይጣሉት።

ቦታው ለተዳፋት ከጠበበዎ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) በደረጃ ያስደርድሩ። ሽቦው ፕላስቲክ የለበሰ ይሁን። የሽቦው ዓይን 8 በ10 ሴንቲሜትር ከሆነ ድንጋዩ ከዚያ መብለጥ አለበት። ሠራተኞቹ በአካፋ እየገለበጡ እንዳይሞሉት ቆመው ያሠሩ። ድንጋዩ በእጅ ጠበቅ ተደርጎ ካልተደረደረ ሳጥኑ በመጀመሪያው ክረምት ሆዱ ይነፋል። ከጀርባው ጂኦቴክስታይሉ እዚህም አይቀርም።

ዓሣውን በተመለከተ ደግሞ፣ የቆሮሶ (የቲላፒያ) ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ለስላሳ መሬት ላይ ነው። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም ዳር ዳሩን ሣር ውስጥ ይደበቃሉ። ስለዚህ ጥልቀት የሌለውን ውሃ ሁሉ በድንጋይ አይሸፍኑት። ፊላውን ደግሞ አይንኩት። ሐይቁ እንዲታያቸው ሲሉ ፊላውን ከሥሩ የሚያስነቅሉ ባለቤቶች ያሳዝኑኛል። ነፃ የሞገድ መከላከያቸውን ነው የነቀሉት። ለጀልባና ለእይታ ሦስት ሜትር የምታህል በር ከከፈቱ ይበቃዎታል።

በቤኒን ሐይቆች አጥማጆች ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ ይተክላሉ፣ አካጃ ይሉታል፣ ዓሣውም ይሰበሰብበታል። እርስዎም ከግቢዎ ዛፍ የተገረዘ ቅርንጫፍ መሞከር ይችላሉ። ግን ዓሣ መሰብሰብና ዓሣ ማብዛት ለየቅል ነው። እዚያው ላይ መረብ የሚጣል ከሆነ ያለውን ዓሣ አንድ ቦታ አሰባስበው ማስጨረስዎ ነው። መረብ እንዳይጣልበት ከአጥማጆቹ ጋር መስማማት ካልቻሉ ባይተክሉት ይሻላል።

የሐይቁ ከፍታ ከዓመት ዓመት ይለያያልና የድንጋዩን ቁመት ዘንድሮ ባዩት ውሃ አይለኩ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያሉ አንጋፋ አጥማጆች ውሃው የት ድረስ ወጥቶ እንደነበር በእጃቸው ያሳዩዎታል። ከዚያ ከፍ ያድርጉት። የሥራዎ ጫፍም ጎረቤትዎ አጥር ላይ በድንገት እንዳያልቅ፣ ሞገዱ እዚያ ጥግ ላይ ዞሮ የእርሳቸውን አፈር ይበላልና። ጫፉን ወደ መሬት አጥፈው ይቅበሩት፣ ቢቻል ከጎረቤትዎ ጋር ተነጋግረው አንድ ላይ ያሠሩት። ዳርቻው የሕዝብ ስለሆነ ድንጋይ ከማዘዝዎ በፊት ከከተማው አስተዳደርና ከተፋሰሱ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይጠይቁ።