መልስ፦ ፕሮቶኮል ጊዜ ማባከን ነው ወይ?

«ጎንደር እንግዳ በመጣ ቁጥር ማን ከማን ጎን ይቀመጥ እያልን ግማሽ ቀን እናጠፋለን፤ ምን ይረባል?» ላልከው ወንድሜ፣ ምሬትህ ይገባኛል። ግን ጥያቄው ከጎንደር መምጣቱ ትንሽ አስቆኛል። የቋራው ካሳ፣ አጼ ቴዎድሮስ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ለንደን ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስቀምጣ ዝም አለች። ንጉሡ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ነገሩ በ1868 መቅደላ ላይ በጦርነት አለቀ። ሌላም ምክንያት አልጠፋም፤ ቢሆንም «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የምትል አንዲት ወረቀት ስንት ነገር ባበረደች!

ወንበሩም ዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት፣ እኩል ማዕረግ ያላቸው የሚሲዮን መሪዎች (እንደ አምባሳደር ያሉት) ቅደም ተከተል የሚያዘው ሥራ በጀመሩበት ቀንና ሰዓት ነው። የትንሿ አገር አምባሳደር ቀድሞ ከገባ ከኃያሏ አገር አምባሳደር ይቀድማል፤ ጭቅጭቅ የለም።

ግማሽ ቀን የሚበላችሁ የተጻፈ ደንብ ስለሌላችሁ ይመስለኛል። ቅደም ተከተሉን አንዴ ጽፋችሁ አጸድቁ፤ የስም ካርዱን እንግዳው ከመድረሱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ሰንደቅ ዓላማው ተገልብጦ እንዳይሰቀል የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። ረጅሙን የመክፈቻ ንግግር ግን ያለ ርኅራኄ ቁረጡት፤ እሱን ፕሮቶኮል አላዘዘውም።